ንቫርድ ያልበላቻቸው ፖሞች

እኔ ቤት የሚያርፉ ልጆች ሁሉ ስማቸው አኒ ነው። ከክሊኒኩ ነርሷ ትልካቸዋለች። የምትመርጠኝ ቤቴ ፎቅ ሳይሆን ምድር ላይ ስለሆነ ነው፤ ለእነሱ ደረጃ መውጣት አይፈቀድም፣ እኔም ጉልበቴ እንቢ ካለኝ ቆይቷል። "ስምሽ ማነው ልጄ?" እላለሁ። ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ "አኒ" ይላሉ። ዋና ከተማችን የረቫን ሙሉ ብትፈተሽ ይህን ያህል አኒ አይገኝባትም። እኔም "እሺ አኒዬ" ብዬ አንሶላ እቀይራለሁ፤ ምን አገባኝ።

ንቫርድ ግን ገና በሩ ላይ ቆማ "ንቫርድ እባላለሁ፤ ከጊዩምሪ ነኝ፤ ካልሲ ፋብሪካ ነው የምሠራው" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። እኔም የጊዩምሪ ሰው ነኝ፤ ከተማችንን ካፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነው ባሌን ቀብሬ ወደዚህ የመጣሁት። የአገሬን ልጅ ሳይ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩባት። መዋሸት የማትችል ሰው እንዲህ ላለ ጉዳይ ምን ልትሠራ ትመጣለች?

ጉዳዩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም። ሠርጉ ባለፈ ማግስት የሙሽራው እናት ከሚዜው ሚስት ጋር ሆና፣ ትሪ ሙሉ ቀይ ፖም ይዛ፣ ቀይ ሪባን አስራ፣ ኮኛክ ጨምራ ወደ ሙሽሪት እናት ቤት ትሄዳለች። ልጅሽ ድንግል ሆና ተገኝታለች ማለት ነው። ፖሙ ከመጣ እናትየዋ እየከፋፈለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታድላለች። ካልመጣ መጋረጃዋን ዘግታ ትቀመጣለች። የወንድ ልጅ እናት "ልጄ ንጹህ ነው" ብላ ፖም ተሸክማ ስትዞር አይቼ አላውቅም፤ እናንተ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። እናም ልጆቹ ይመጣሉ። ሐኪሟ የተቀደደውን ስስ ሥጋ በቀጭን ክር ትሰፋላቸዋለች፤ ከዚያ እኔ ጋ መጥተው ይተኛሉ።

የንቫርድ ነገር እንዲህ ነው። በሃያ ዓመቷ ሃራች የሚባል የሰፈሯ ልጅ ቀለበት አሰረላት። ባሌ ሊሆን ነው ብላ አመነችው፤ አብራው አደረች። ጸደይ ሲገባ እሱም እንደ ወንዱ ሁሉ ለግንባታ ሥራ ወደ ሩሲያ ሄደ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ አልፎ አልፎ፤ በኋላ እናቱ ንቫርድን መንገድ ላይ ስታያት ወደ ማዶ መሻገር ጀመረች። እዚያው አግብቶ መውለዱን የሰማችው ከፋብሪካው ሴቶች ነው። ከዚያ ወዲያ ለጋብቻ የጠየቃትን ሁሉ እየመለሰች ዓመታት አለፉ። ሴቶቹ ሃራችን መርሳት አቅቷት መሰላቸው፤ "ቆሞ ቀር" ይሏታል ከኋላዋ። እሷ ግን ሃራችን ከረሳችው ቆይታለች። የፈራችው ፖሙን ነው። "እናቴ ሹሻን መጋረጃዋን ዘግታ ስትቀመጥ ይታየኛል" አለችኝ።

ሰላሳ ሊሞላት ሲል ሙሼግ መጣ። በአርቲክ በኩል መንገድ ዳር የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ወደ ፋብሪካው ሱቅ መጥቶ ካልሲ ገዛ፤ ጠበበኝ ብሎ ሊቀይር ተመለሰ፤ አሁንም የማይሆነውን ገዛ። በሦስተኛው ንቫርድ "ጌታዬ፣ እግርዎ ነው ወይስ ዓይንዎ ነው ያስቸገረዎት?" አለችው። በዚያው ተዋደዱ። ችግሩም ይኸው ነበር፤ የማይወዱትን ሰው እንቢ ማለት ቀላል ነው። እናቱ ቀለበት ይዛ ስትመጣ ንቫርድ እሺ አለች። ከዚያ ለእናቷ "ፋብሪካው ለአዲስ ማሽን ስልጠና የረቫን ልኮኛል" ብላ ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፈረች።

የተሰፋች ቀን ግድግዳ ይዛ፣ እግሯን ሳታነሳ ተራምዳ ገባች። ማደንዘዣው ሲለቃት ከንፈሯን ነከሰች እንጂ ድምጿ አልወጣም። ሐኪሟ የነገረቻትን እየደጋገመች ታነበንባለች፤ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትቀመጪ፣ በለብታ ውሃ ታጠቢ፣ ሆድሽ እንዳይደርቅ ሾርባና ፍራፍሬ ብዪ፣ ጥቂት ደም ብታዪ አትደንግጪ፣ ክሩ ራሱ ሟሙቶ ያልቃል። "በሠርግሽ ሌሊት ግን ደም እንደሚኖር ዋስትና አልሰጥሽም፤ ማንም ሳይነካቸው ያገቡትም ብዙዎቹ አይደሙም" ብላታለች። "ታዲያ አማቴ ፖሙን በምን አውቃ ታመጣዋለች?" ብትላት፣ ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች "እሱን አማትሽን ጠይቂ" አለቻት አሉ።

እርጎና ስንዴ ያለበትን ሾርባችንን እሠራላት ነበር፤ የጦስኝ ሻይ አፈላላት ነበር። ዝም ማለት ግን አልችልበትም። የጊዩምሪ ሰው ቀብር ላይም ይቀልዳል። አንዱን ቀልድ ሳልጨርስ ሆዷን ይዛ፦

"እማማ ሲራኑሽ፣ ስለ እግዜር አያስቁኝ! ስፌቱ ይፈታል!"

"ታዲያ አልቅሺ፤ እሱ ይፈቀዳል።"

"ማስነጠስም ፈርቻለሁ እኮ! ትናንት ሲመጣብኝ አፍንጫዬን በሁለት እጄ ያዝኩት።"

ቆየት ብላ ጣሪያውን እያየች "እሱ እዚያ ጎማ ይለጥፋል፣ እኔንም እዚህ ለጠፉኝ። ሙያችን አንድ ሆነ" አለች። ራሷ ቀልዳ ራሷን ሳቅ ሊገድላት ሆነ፤ ላለመሳቅ ትራሱን ነከሰችው። በመጨረሻ የመጣው እንባ ነው።

እናቷ በየቀኑ ትደውላለች። "ስልጠናው እንዴት ነው? አሠልጣኙ ምን ዓይነት ሰው ነው?" ንቫርድ በጀርባዋ እንደተኛች አሠልጣኝ ትፈጥራለች፦ "ረጅም ነው እማዬ፣ ራሰ በራ ነው፤ ሲናገር አፉን ይይዛል።" ሙሼግም ይደውላል፤ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ በምን ቀለም ላድርገው ይላል። "አረንጓዴ ይሁን" ትለዋለች እየሳቀች፣ ያው ስፌቱ እንዳይሰማው በጉሮሮዋ ብቻ። ስልኩን ስትዘጋው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ቀን እንደዚያ ሆና እንዲህ አለችኝ፦

"ሰው ሲታመም ይጠየቃል አይደል? ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ እግዜር ይማርሽ ይላል። እኔ ጠያቂ የሌለኝ በሽተኛ ሆንኩ።"

"እኔስ? ሰው አይደለሁም?"

"እርስዎማ አሉ። ግን ከዚህ ስወጣ እርስዎንም አላውቅዎትም ማለት አለብኝ።"

ለሁሉም አኒዎች የምለውን ለሷም አልኳት፤ ህመምሽን ለእኔ ያድርገው፣ ሂጂ፣ ሁለተኛ አትምጪብኝ። አይመጡም። ልጄ ሩሲያ፣ ክራስኖዳር ነው፤ በአዲስ ዓመት ይደውላል። ልጆቹ ደግሞ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አልቀየማቸውም፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን አዞር ነበር። ግን ያን ያህል ሰው አስታምሞ ሰላም የሚለው ማጣት ደስ አይልም፤ ልዋሽ አልችልም።

ንቫርድ ግን በመከር መጣች። ሠርጉ አልፏል። በፌስታል ሙሉ ቀይ ፖም ይዛለች፤ የከተማ ፖም አይደለም፣ ከዛፍ የወረደ፣ ጎን ጎኑ የሚያበራ። እኔ ደስ ብሎኝ እልል ልል ስል ፊቷን አየሁት።

"ፖሙ ለእናትሽ ደረሰ?"

"ደረሰ። ለጎረቤቱ ሁሉ አደለች።"

"ታዲያ ማን ሞቶብሽ ነው?"

ያኔ ነገረችኝ። የሠርጉ ሌሊት ሙሼግ በሩን ዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ንቫርድ፣ ታጭተሽ እንደነበር አውቃለሁ። ያለፈው አያገባኝም። ምንም ብትሆኚ ነገ ፖሙ ይሄዳል፤ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ ከዛፉ መርጬ ያወረድኩትም እኔ ነኝ" አላት። የንቫርድ አፍ ተሳሰረ። ይህን ቃል ቀደም ብሎ ቢናገር ኖሮ እኔን ባላወቀችኝ ነበር። ሙሼግ አቀፋት። ከዚያ ደሙ መጣ። ሐኪሟ ዋስትና ያልሰጠችው ደም፣ የማያስፈልግበት ቀን፣ ማንም ሳይጠራው መጣ። ሙሼግ አይቶት አለቀሰ። ጉልበቷን ይዞ "ጠርጥሬሽ ነበር፤ ምላሴን ይቁረጠው፤ ይቅር በይኝ" አላት።

"ምን አልሽው?"

"ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ እማማ?"

ከዚያ ወዲህ ሰውየው አልተዋትም። ከእናቱ አትክልት ቦታ ቀዩን ፖም እየመረጠ ያመጣና ፊቷ ያስቀምጣል፤ "ያን ሌሊት ለተናገረው አፌ ካሳ ነው" ይላታል። አንዱንም መዋጥ አልቻለችም። በየመከሩ እሱ ጎማ ሊገዛ የረቫን ሲመጣ አብራው ትሳፈራለች፤ "በስልጠናው ጊዜ ያከራየችኝን ሴትዮ ልጠይቅ" ትለዋለች፤ ፖሙን እኔ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ አንድ ሻይ እስክትጠጣ ትቀመጣለች። ብዙም አናወራም። "እዚህ ቤት ስገባ ትከሻዬ ይወርዳል" አለችኝ አንድ ጊዜ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሷ እውነት ግን እያደር ይከብዳት ነበር። የሚወዳት ሰው አጠገቧ እየተኛ የሷን ያህል ብቻውን የሆነ ሰው አላየሁም። ፖሙን ግን እበላው ነበር፤ ጣፋጭ ነው፣ ምን ላድርግ።

ሴት ልጅ በወለደችበት ዓመት መምጣት አልቻለችም። ደወለች።

"ሙሼግ ብቻውን ነው የሚመጣው። ፖሙን ልኬልዎታለሁ።"

"ጥሩ፤ ልጅቷ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። አማቴ ትናንት አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብላ 'የዚህችንም ፖም ለማየት ያብቃኝ' አለቻት።" ልጅቷን እሹሩሩ ስትል ይሰማኛል። "እማማ፣ ሙሼግ ከጠየቀዎት አይዋሹት።"

"አብደሻል? እኔ አፍሽ ነኝ?"

"አፌ እንቢ አለኝ። ስንቴ ጀመርኩት። ይቅር በይኝ ሲለኝ ተነስቼ ሳህን አጥባለሁ።"

"ከነልጅሽ ቢያባርርሽስ? እናትሽ ቤት ነው የምትመለሺው? ያን ጊዜ እኔን እርገሚኝ!"

"ቢያባርረኝም እኔን አውቆ ነው የሚያባርረኝ" አለችና ዘጋችው። ስልኩን ሰደብኩት። ቤቱን ሁሉ ጠረግሁ፤ የጠረግሁትን እንደገና ጠረግሁ።

ሙሼግ በማግስቱ መጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጣቶቹ መሐል የጎማ ጥቁረት አለ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የጦስኝ ሻይ ቀዳሁለት። አልነካውም።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ንቫርድ ፖሙን ሁሉ ለእርስዎ የምታመጣው ለምንድነው? አትበላውም። አይቻታለሁ፤ አንድም ቀን አልበላችውም።"

"ከሠርጋችሁ በፊት እዚህ ተኝታ ነበር።"

"ለስልጠና፤ አውቃለሁ።"

"ስልጠና አልነበረም ልጄ።"

ነገርኩት። ሳላለሰልስ፣ ሳላስረዝም ነገርኩት፤ ክሊኒኩን፣ ክሩን፣ የፈራችውን መጋረጃ። እየሰማኝ ሳለ የጓዳው በር ተከፈተ። ትናንት የተሰፋች አንዲት አኒ አለች፤ መታጠቢያ ቤት ልትሄድ ነው። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ ወለሉ ሊሰበርባት ይመስል እየተሳበች፣ ወንድ ስታይ ክው አለች። ሙሼግ ቶሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጅቷ እስክታልፍ፣ ተመልሳም እስክትገባ አልዞረም።

"እንዲህ ነበረች?" አለ።

"እንዲህ ነበረች።"

"ማን አብሯት ነበር?"

"ማንም።"

"እህት፣ ጓደኛ..."

"ማንም አልኩህ! መጋረጃው አረንጓዴ ይሁን ስትልህ እዚያ አልጋ ላይ ነበረች።"

ባርኔጣውን ጨበጠው። "እኔ እኮ ነግሬያታለሁ። ያለፈው አያገባኝም ብያታለሁ።"

"መቼ? የሠርጉ ሌሊት! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ለምን ከዚያ በፊት አልነገርካትም?"

"አፈርኩ።"

"እሷም አፈረች። አንተ ያለፈው አያገባኝም ስትል ፖሙ ጓዳ ሆኖ ይጠብቃት ነበር።" ንዴቴ ስላልበረደ አንድ ጨመርኩ፦ "ደግሞስ እውነቱን ንገረኝ፤ ደሙን ስታይ ደስ አላለህም?"

አንገቱን ደፍቶ "ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። "አያገባኝም ያልኩት እውነት ነው። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።"

ተነሳ። ደህና ይዋሉ ሳይል ወጣ። ሻዩን ልደፋ ስነሳ የእግሩን ኮቴ ደጁ ላይ ሰማሁት፤ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ዓይኔን ሳያይ "ይቅርታ እማማ፣ እነዚህን እወስዳለሁ" አለና የፖሙን ፌስታል አንስቶ ሄደ።

በእኛ ዘንድ ፖም የሚመጣ እንጂ የሚመለስ ነገር አይደለም። ያባርራታል፣ ፊቷ ላይ ይበትንባታል፣ ወይ እናቷ ደጃፍ ወስዶ ይደፋዋል ብዬ ፈራሁ። ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ብደውልና እሱ ቢያነሳስ? ጓዳ ያለችው አኒ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ ብዬ ልስቅ ነበር፣ አቃተኝ። አኒዋም ድና ሄደች። በረዶ ጣለ። ከንቫርድ ወሬ የለም።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"እማማ?"

"አለሽ? የት ነው ያለሽው? እናትሽ ጋ ነሽ?"

"ቤቴ ነኝ።"

"ቤትሽ የቱ ነው አንቺ! ፖሙን ምን አደረገው?"

"ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አላናገረኝም። ብዙ ቀን አላናገረኝም እማማ፤ ጋራዡ ውስጥ አድሮ ይመጣል፣ ልጃችንን ያቅፋል፣ ይሄዳል። ሻንጣዬን አወጣሁት። ከዚያ አንድ ማታ ቢላዋ አንስቶ አንዱን ፖም ላጠው፤ ለአራት ከፍሎ ግማሹን ፊቴ አደረገው። 'ይኼ ይቅርታ አይደለም፤ ፖም ነው። ብዪ' አለኝ።"

"እሺ?"

"በላሁት። ከዚያ ሌላ ላጠልኝ። ሁሉንም በልተን ጨረስነው እማማ፤ ለእርስዎ የሚላክ አልተረፈም!" ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከሆድ የወጣ፣ የማይፈራ፣ ልጇን ቀስቅሶ ያስለቀሰ ሳቅ ነው። እኔም ሳቅሁ። ከዘጋችው በኋላ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ።

ዘንድሮም መከር መጣ፤ ንቫርድ አልመጣችም። መምጣት የለባትም። ትከሻዋ ቤቷ የሚወርድላት ሴት የኔን ወንበር ምን ታደርግበታለች? ደስ ብሎኛል፣ በእውነት ደስ ብሎኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እሷ ትመስለኛለች።

ትናንት ገበያ ወርጄ አንድ ቀይ ፖም መረጥኩ። ሻጩ "እማማ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አለኝ እየሳቀ።

"የለም፤ ለመብላት ነው" አልኩት።

ቤት ገብቼ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ጓዳ ለተኛችው አኒ ሰጠኋት፤ ግማሹን መስኮቱ ጋ ቆሜ በላሁት።